ምሥጋናው ዝም ያለ ዕለት

ላስታን ከዳር እስከ ዳር ብትጠይቁ ከእኔ ከምሥጋናው የበለጠ አውሪ አታገኙም። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ለግማሹ ዓለም ያስጎበኘሁ እኔ ነኝ፤ ግማሹ ወረፋ እየጠበቀ ሳለ ነው ጦርነቱ የመጣው። እንግዳ ሲጠፋ የማወራለት አጣሁ። ስለዚህ ሲስተር ሐናን ሐዘን የጎዳውን ሁሉ ሐሙስ ሐሙስ በዕድሩ አዳራሽ ስትሰበስብ ቀድሜ የገባሁት እኔ ነበርኩ።

ሐናን የአእምሮ ጤና ነርስ ናት። እሷ የቡድን ሕክምና ትለዋለች፤ እኛ ሐሙስ እንለዋለን። ደንቧ አጭር ነው፦ "የቻለ ይናገራል፣ ያልቻለ ዝም ይላል፣ እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል።" እኔ የሁሉንም ድርሻ አወራሁ። በአንድ ዱላ አርባ ጅብ እንደፈጀሁ ሳይቀር ነገርኳቸው። ከጦርነቱ ስላልተመለሰው ታናሽ ወንድሜ ስለ የኔሰው ግን አንዲት ቃል አልወጣኝም።

አያ አረጋ፣ በቅሎ ጫኙ፣ ጨርሶ አይናገርም። ሁልጊዜ ፊት ለፊቱ እትዬ አሰለች ይቀመጣሉ። ልጃቸው በእውቀቱ በጦርነቱ ጊዜ በኮን መንገድ እንደሸሸ ቀርቷል። "ሥራ ይዞ ነው፣ ይመጣል" ይላሉ። ሸሚዙን በየሳምንቱ አጥበው ያሰጣሉ።

አንድ ሐሙስ እትዬ አሰለች ጉንፋን ይዟቸው ቀሩ። አያ አረጋ ባዶውን ወንበር ሲያይ ቆየና፣

"ልጇን የቀበርኩት እኔ ነኝ" አለ።

ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ።

"ጥይት አግኝቶት መንገድ ዳር ወድቆ ደረስኩ። እጄ ላይ ነው ያለፈ። ቄስ የለ፣ ፍትሃት የለ። ከወይራ ሥር ቀበርኩት።"

"ታዲያ ምነው ሳትነግራት?" አለች ጠላ ሻጯ ባንችይርጋ።

"መርዶ አንድ ሰው ይናገራል እንዴ? ማንን ይዤ ልሂድ? አገሩ ተበትኖ። ኋላ ገበያ ላይ አገኘችኝና 'ልጄን አላየኸውም?' ስትለኝ 'ደህና ነው አሉ' አልኳት። ከዚያ ወዲያ በየት በኩል ልመለስ?"

እውነቱን ነው። በእኛ አገር መርዶ ጎሕ ሲቀድ፣ በብዙ ሰው ይነገራል፤ የሚወድቀውን የሚይዝ እጅ ያስፈልጋል።

ባንችይርጋ ወደ ሐናን ዞረች። "እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል ብለሽ የለ፣ ሲስተር?"

"ነገሩ የአያ አረጋ ነው" አለች ሐናን። "ይውጣ ካሉ ይወጣል።"

"ይውጣ" አለ። "ብቻዬን ግን አልሄድም።"

"ሁላችንም እንሄዳለን" አለች ሐናን። "ማን ይናገር?"

ሁሉም እኔን አዩኝ።

"ግማሹን ዓለም ያናገርክ አይደለህ!" አለች ባንችይርጋ።

ጳጳስ የሚያስቀና ንግግር አዘጋጀሁ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ጋቢያችንን ተከናንበን ዳገቱን ወጣን። እትዬ አሰለች ደጃቸውን እየጠረጉ ነበር። ሸሚዙ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ቀና ብለው አንድ በአንድ አዩን፤ አያ አረጋ አቀርቅሯል።

"ምሥጋናው፣ በማለዳ ምን እግር ጣላችሁ?"

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም።

"ተናገር እንጂ። እስቲ ጅቦቹን አውራልኝ" አሉ፤ መጥረጊያውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው። "ስንት ነበሩ? አርባ? ተናገር፣ ልጄ።"

ጋቢዬን እስከ አፌ ሳብኩት።

"አንተ ዝም ካልክማ..." መጥረጊያው ከእጃቸው ወደቀ። "በእውቀቱ ሞቷል።"

መሬት ሳይነኩ ያዝናቸው። ሐናን ከኋላ፣ ባንችይርጋ ከጎን። ጩኸታቸው ሲበርድ፣

"ማን ቀበረው?" አሉ።

"እኔ" አለ አያ አረጋ።

"ፊቱን ወዴት አድርገህ?"

"ወደ ምሥራቅ።"

"ምን አለበስከው?"

"ጋቢዬን።"

እጆቹን ስበው ፊታቸው ላይ ለጠፏቸው። ያ ድንጋይ የመሰለ ሰው እንደ ሕፃን አነባ። ለቅሶ ላይ ሰው የየራሱን ሙት ያለቅሳልና፣ ባንችይርጋ ባሏን ጠርታ ጮኸች። እኔም "የኔሰው! ወንድሜ!" ስል ራሴን ሰማሁት። ከኮን እስከ ወገል ጤና ሳይሰማ አይቀርም።

በሚቀጥለው ሐሙስ እትዬ አሰለች ጥቁር ለብሰው መጡ። ከአያ አረጋ አጠገብ ተቀመጡ።

"መንገዱ ሲከፈት ወይራውን ታሳየኛለህ፤ ቄስ ይዘን እንሄዳለን" አሉት።

በጦርነቱ የተዘጋው የኮን መንገድ ዛሬም አልተከፈተም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተ ደግሞ ወንድምህ እንዴት ያለ ሰው ነበር?"

ተነሥቼ እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ ቁመቱን አሳየኋቸው። ከልኩ ከፍ አድርጌው ይሆናል። ማንም አላረመኝም።