ቀዝቃዛውን ውሃ የከፈተችው ልዕልት

ከወንዙ ማዶ ባለው ሰፈራችን የእኔን ያህል የሰው ቂጥ ያየ የለም። እትዬ ኩማ ይሉኛል፤ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት አለኝ። በወንዶችና በሴቶች ክፍል መካከል ከፍ ካለው መቀመጫዬ ላይ ሆኜ ሒሳብ እቀበላለሁ፣ ሁለቱንም ወገን እጠብቃለሁ፣ ያጠፋውን እቆጣለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ኖሬአለሁ። የወረዳውን ሹም ሚስት «ፀጉርሽን ገንዳዬ ውስጥ አታዘፍዝፊ» ብዬ አስለቅሻታለሁ። የቤተ መቅደሱ መነኩሴ ሳይለቃለቅ ሊገባ ሲል በባልዲ ወገቡን ብዬዋለሁ። ሰው ልብሱን ሲያወልቅ ሹመቱም ከልብሱ ጋር ቅርጫት ውስጥ ይቀራል፤ እምነቴ ይኸው ነበር። ልዕልቲቱ እስክትመጣ ድረስ ማለቴ ነው።

ልዕልት ሚኔኮ ተራ ሰው ልታገባ ነው ተብሎ በዚያ ዓመት ሬዲዮኑ ሲያብድ ከረመ። በእኛ አገር ሕግ የንጉሥ ዘር የሆነች ሴት ተራ ሰው ካገባች እሷም ተራ ሰው ትሆናለች፤ ስሟ ከንጉሣውያን መዝገብ ላይ ይሰረዝና ያበቃል። ያገባችው ዋካባያሺ የሚባል የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ጆሮው ትልቅ፣ ኪሱ ትንሽ። ከቤተሰቧ የተሰጣትን አልነካም ብሎ ግትር አለና የአኩሪ አተር አይብ፣ ቶፉ፣ ከምትሸጠው ከእማማ ቶሜ ሱቅ ጀርባ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየ። ቤቱ እንደ ሁላችንም ቤት መታጠቢያ የለውም። ስለዚህ በመከር ወራት አንድ ረቡዕ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ልዕልቲቱ ትንሽ ሳፋና ሳሙናዋን በብብቷ ይዛ በሬን ገፋ አድርጋ ገባች።

የዚያን ቀን የሆነውን ሳስታውስ እስካሁን ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን የሳቀ አልነበረም። ሴቶቹ ሁሉ ታጥበው ተለቃልቀው ወደ ትልቁ ገንዳ ሊገቡ ተነሥተዋል። ከልዕልት ቀድሞ እግሩን ውሃ ውስጥ የሚከት ማን ነው? እሷ ደግሞ ታላቅን አስቀድሚ ተብላ ያደገች ናት። «እርስዎ ይቅደሙ» አለቻት እማማ ቶሜን። «ኧረ በፍጹም፣ እርስዎ» አለች እማማ ቶሜ። «ኧረ እንዴት ተደርጎ።» አሥራ አንድ ራቁታቸውን የሆኑ ሴቶች በገንዳው ዙሪያ እንደ ጅብራ ተገትረው፣ ቆዳቸው እንደተነጨ ዶሮ እስኪሆን ድረስ ሩብ ሰዓት ተሽቀዳደሙ፤ ወደፊት ሳይሆን ወደኋላ። በመጨረሻ እማማ ቶሜ አስነጠሳት፤ ሰው ሠራሽ ጥርሷ ተፈናጥሮ ውሃው መሃል ጠለቀ። በዚያን ቀን ገንዳውን የከፈተው የእማማ ቶሜ ጥርስ ነው።

ከዚያ በኋላ ቤቴ ሐዘን ቤት መሰለ። ሴቶቹ እኔ ዘንድ የሚመጡት እድፋቸውን ሊያስለቅቁ ብቻ መስሏችሁ እንዳትሞኙ። ባላቸውን ሊያሙ፣ አማታቸውን ሊረግሙ፣ ስለ ወገብ ሕመማቸውና ስለ ሆድ ድርቀታቸው ሊያወሩ ነው። ልዕልት ፊት ስለ ሆድ ድርቀት እንዴት ይወራል? እሷ በአሥራ አንድ ሰዓት ስትመጣ እነሱ በአሥር ሰዓት መምጣት ጀመሩ። እሷ ይህን ሳታውቅ ወደ አሥር ሰዓት ስታዛውር እነሱ ወደ አሥራ ሁለት ሸሹ። ድንገት ካገኟትም እስከ መሬት አጎንብሰው፣ ሳሙናቸውን በቅጡ ሳይለቃለቁ ውልቅ ይላሉ። እሷ ሃያ ሰው በሚይዝ ገንዳ ውስጥ ብቻዋን፣ አገጯ ድረስ ተነክራ፣ ፊቷ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ትቀመጣለች።

እኔስ ምን አደረግሁ? ምንም። ነፍሱን ይማረውና አማቴ፣ የንጉሡ መኪና በዋናው መንገድ ሲያልፍ ግንባራችን አፈር እስኪነካ ያስደፋን ነበር። አንገቴ ያንን አልረሳም፤ እሷን ሲያይ ሳላዘው ይታጠፋል። አፌም አብሮ ይዘጋል።

አንድ ወር እንዳለፈ፣ በአንድ ረቡዕ፣ ለብሳ ፀጉሯን እያደራረቀች ከመቀመጫዬ ሥር መጥታ ቆመች። ሌላ ሰው አልነበረም።

«እትዬ ኩማ» አለችኝ፣ «እኔ መጥፎ ሽታ አለኝ?»

«ኧረ ምን በወጣዎት» አልኩ።

«ታዲያ ለምን ይሸሹኛል?»

አክብረውዎት ነው አልኳት። ፎጣዋን አጣጥፋ፣ እንደገና ፈታችው።

«ሃያ አራት ዓመት ተከብሬአለሁ» አለች። «ይበቃኝ ነበር።»

ከዚያ ነገሩን አወጣችልኝ። አክስቷ ኮረብታው ላይ ቤት አዘጋጅተውላታል። ዙሪያው ግንብ ነው፣ በር ላይ ዘበኛ አለ፣ ሁለት ሠራተኛ አለ፣ የራሱ የእንጨት ገንዳ አለው። ባሏ አንቺ እንዳልሽ ይሁን ብሎ ነገሩን ለእሷ ትቶታል። አክስቲቱ ደግሞ መልስ የሚጠብቁት እስከ እሑድ ነው፤ ሠራተኞቹ ተቀጥረዋል፣ ምጣዱ ሳይቀር ተገዝቷል። ሰፈሩን ወድጄው ነበር አለች፤ የቶፉ ሻጩን ጥሩንባ፣ የልጆቹን ጩኸት። ነገር ግን ከባሌ ጋር ብቻ እያወራሁ አርጅቼ መሞት አልችልም አለች። «ግንቡ ከፍ ያለ ነው። አንዴ ከገባሁ የምወጣ አይመስለኝም።» አጎንብሳ ወጣች። አንጀቴን በላችው። ግን ምን ልበላት? የሰፈሩን ሴቶች ጆሯቸውን ጎትቼ አውሩ ልላቸው ነው?

በማግስቱ ሐሙስ ልዕልቲቱ ሴቶቹ በሚበዙበት ሰዓት መጣች። በቀጥታ ሄዳ እማማ ቶሜ ስልሳ ዓመት የተቀመጠችበትን፣ ጥጉ ጋ ያለውን በርጩማ ወሰደች። በዚያ በርጩማ ላይ የተቀመጠች አንዲት የፀጉር ሠሪ ሚስት ባለፈው ዓመት ሰፈር ለቃለች። እማማ ቶሜ ሌላ በርጩማ ላይ ኩርምት አለች። ዓርብ ዕለት ልዕልቲቱ ፎጣዋን ገንዳው ውስጥ ነከረችው። ፎጣ! ሕፃናት እንኳ አጣጥፈው ራሳቸው ላይ ያስቀምጡታል። የምንጣፍ ሠሪው ሚስት ኢሴ አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ምስኪን፣ አላወቀችም ብለን ሁላችንም ሆዳችን ውስጥ ቀበርነው።

ቅዳሜ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። እማማ ቶሜና ኢሴ ገንዳው ውስጥ ናቸው። ልዕልቲቱም ገንዳው ውስጥ ገባች፣ ወደ ቧንቧው ተጠጋችና ቀዝቃዛውን ውሃ ከፈተችው።

ሰፈራችንን የማያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላይገባው ይችላል። አሮጊቶቹ ውሃውን የሚወዱት ሲፈጅ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ምክንያት እህትማማቾች ሰባት ዓመት ሲኳረፉ አይቻለሁ። ውሃው እየተንፏፏ ገባ፤ እማማ ቶሜ ወደ ገንዳው ሌላ ጥግ ፈቀቅ አለች። እኔም ጣሪያው ላይ ዓይኔን ልጥል ስል የልዕልቲቱን ፊት አየሁት። ቧንቧውን አታይም። የምታየው እኔን ነው።

ያን ጊዜ ገባኝ። ይህች ልጅ በሥርዓት ተኮትኩታ ያደገች ናት፤ ደንቡን ከእኔ አብልጣ ታውቀዋለች። ሦስት ቀን ሙሉ ያጠፋችው አውቃ ነው። እኔ በሙሽርነቴ እዚህ ሰፈር የመጣሁ ሳምንት የእማማ ቶሜ አማት በባልዲ ቀዝቃዛ ውሃ ደፍታብኝ «ዳግመኛ ጀርባሽን ለታላቅ ሰጥተሽ እንዳትቀመጪ» አለችኝ። አልቅሼ ሳበቃ ሳሙናዋን አበደረችኝ። ሁላችንም እንዲህ ነው የገባነው። ያልተቆጧት ሙሽራ እንግዳ ናት፤ እንግዳ ደግሞ መሄዱ አይቀርም። ልጅቷ የምትለምነኝ ይህንን ነው። ነገ እሑድ ነው።

ከመቀመጫዬ ወረድኩ። አንገቴ ሊታጠፍ ሞከረ፤ ወይ ፍንክች አልኩት። እርጥቡ ወለል ላይ ካልሲዬን ሳላወልቅ ሄጄ ገንዳው ጫፍ ላይ ቆምኩ።

«ዝጊው» አልኳት። «ማን አባሽ ፈቀደልሽ? ከንጋት ጀምሬ እንጨት ስማግድ የዋልኩት አንቺ እንድታቀዘቅዢው ነው? ከትናንት ወዲያ የሰው በርጩማ ወሰድሽ፣ ትናንት ፎጣሽን ዘፈዘፍሽ። እናትሽ ያስተማረችሽ ይህንን ነው?»

እናቷ ማን እንደሆነች ትዝ ያለኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። በወንዶቹ በኩል እንኳ የሚታጠብ የጠፋ ይመስል ነበር። ልዕልቲቱ ቧንቧውን ዘጋችው። አጎንብሳ ይቅርታ ትላለች፣ እኔም እዚያው እሞታለሁ ብዬ ጠበቅሁ።

«ውሃው ይፈጃል» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ይፈጃል። አንድ ወር ሙሉ ተቃጥያለሁ። ሰው ሊቀቅሉበት ነው የሚያፈሉት?»

እማማ ቶሜ ከውሃው ውስጥ ተነሥታ ቆመች፤ ውሃው ከተሸበሸበ ሆዷ ላይ ይወርዳል። «ስሚ አንቺ ልጅ» አለቻት፣ «እኔ በዚህ ውሃ ስቀቀል ስልሳ ዓመቴ። ቆዳዬን እዪው።»

ልዕልቲቱ ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«አየሁት» አለች።

ኢሴ ሳቋን ልትይዝ ብላ ውሃ ውጣ ተንፈራፈረች፤ ከዚያ ማን ይያዘው? የሳቁ ድምፅ ጣሪያውን መታው። እማማ ቶሜ ብቻ አልሳቀችም። ከገንዳው ወጥታ በርጩማዋ ላይ ቁጭ አለችና ጀርባዋን ሰጠቻት። «ይህን የመሰለ ምላስ ካለሽ እጅም አይጠፋሽም። ነይ ጀርባዬን እሺልኝ። ጠበቅ አድርገሽ፤ ሸክላ አይደለሁም።» ልዕልቲቱ ወጥታ ተንበርክካ አሸችላት። በስተግራ ትንሽ ዝቅ፣ አይ ከፍ፣ እጅሽ ልስልስ ነው ምን ያደርጋል፣ እየተባለች ግማሽ ሰዓት ሠራች። ስትለብስ አላየችኝም፤ ቶሎ ቶሎ አጎንብሳ ወጣች። ያስቀየምኳት መሰለኝ።

እሷ ከመውጣቷ ሴቶቹ ጀመሩ። የዋካባያሺ ሚስት ወገቧ እንዴት ቀጥኗል፣ ምን ትበላለች? ፎጣ መጭመቅ አታውቅም፣ እንደ ጨቅላ ሕፃን ነው የምትይዘው። ሩዝ ታሳርራለች፣ ሽታው እኔ ቤት ድረስ ይመጣል አለች እማማ ቶሜ። ባሏ ደግሞ በዚያ ጆሮው ነፋስ ሲነሣ እንዴት መሬት ላይ ይቆማል? በሰፈራችን የማይታማ የሞተ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የአርባ ዘጠኝ ቀን ተዝካሩ እስኪያልፍ ነው። ወር ሙሉ ስለ እሷ አንዲት ቃል ያልተነፈሱ ሴቶች አሁን እየተቀባበሉ ያወርዱባታል።

መግቢያው ጋ ቅዝቃዜ ሲሰማኝ በሩን ያልዘጋው ማነው ብዬ መጋረጃውን ገለጥሁ። ልዕልቲቱ የእንጨት ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማለች። ሁሉንም ሰምታለች።

«እኔን ነው የሚያሙኝ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«አዎ» አልኳት። «አንቺን ነው።»

የጫማ መደርደሪያው አጠገብ ካለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች። እጆቿን ጭኖቿ ላይ አድርጋ፣ ትምህርት ቤት እንደ ገባች ልጅ ቀጥ ብላ፣ ሴቶቹ ስለ ሩዟ ተናግረው፣ ስለ ባሏ ተናግረው፣ ስለ ቂጧ ተናግረው እስኪጨርሱ ድረስ አዳመጠች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ግን ስትስቅ ነው።

«ስለ ጆሮውስ እውነታቸውን ነው» አለችኝ።

ከዚያ ጫማዋን አጥልቃ፣ እስከ ነገ ሳትጠብቅ፣ ለአክስቷ ልትደውል ከትምባሆ ሱቁ ደጃፍ ወዳለው ቀይ የሕዝብ ስልክ ሄደች።