ጨው የሌለበት ቤት

«ጨው የት ነው ያለው በዚህ ቤት?»

ጥያቄው የመጣው ከማድ ቤት ነው። ሴትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች። ነገር ግን ግድግዳው ስስ ነው፣ በሩም ክፍት ነው። አካሉ ሳሎን ፍራሽ ላይ እንደተቀመጠ ሰማ።

«መደርደሪያው ላይ እዪ።»

«አየሁ። በርበሬ አለ፣ ሽሮ አለ፣ እርድ አለ። ጨው ብቻ የለም።»

«የለቅሶ ቤት ጨው አጥቶ! ሰው ምን ይለናል?»

«ደብሪቱ እኮ ጨው ቤቷ አታስገባም ነበር። አልጫ ቤት ነው የሚባለው ይሄ ቤት፣ አልሰማሽም?»

አንዷ ሳቀች። ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሰው ወደ ሱቅ ሲወጣ ተሰማ።

ደብሪቱ የተቀበረችው ትናንት ነው። ከእንጦጦ በሚወርደው መንገድ ላይ ጥግ ይዛ ስትሄድ ፍሬን እምቢ ያለው የጭነት መኪና ገጫት። የባሏን የአካሉን የግፊት ክኒን ከጤና ጣቢያ ተቀብላ ስትመለስ ነበር። ክኒኑ ያለበትን ፌስታል ፖሊስ ከነጠላዋ ጋር አስረከበ። ልጃቸው ሰገነት ወስዳ ከአልጋው ራስጌ ሚስማር ላይ ሰቀለችው። አካሉ ከዚያ ወዲህ ወደዚያ ግድግዳ አላየም።

ምሳ ቀረበ፤ ምስር ወጥ። አካሉ አልበላም አለ። የደብሪቱ ታላቅ እህት አሳየች ከእንጦጦ ወርዳ አጠገቡ ተቀምጣለች። እንጀራውን ጠቀለለችና ወደ አፉ ዘረጋች።

«ጉረስ። አንድ ሬሳ ይበቃናል።»

ጎረሰ። ጨዉ አፉን ሞላው። ከስንት ዓመት በኋላ! ምላሱ ደስ አለው። በዚህ አፈረ። ሆኖም ሁለተኛውን ራሱ ጠቅልሎ ጎረሰ።

ሰገነት መጥታ ፊቱ ተንበረከከች። አያት ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፤ ለቅሶው እስኪያልቅ ብላ ከመሥሪያ ቤቷ ፈቃድ ወስዳለች።

«አባዬ፣ ክኒንህን አልዋጥክም። ትናንትም አልዋጥክም።»

«አልውጥም።»

«ፕረዠርህ ይነሳብሃል እኮ!»

«እሷ እሱን ይዛ ነው የሞተችው።»

ሰገነት ሳህኑን አንስታ ሄደች።

* * *

አካሉ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። መኪናውን ሳያይ ተነስቶ አያውቅም። ዘይቱን ያያል፣ ውሃውን ያያል። ፍሬኑን ቆሞ ይረግጣል። በመጨረሻ በብረት ዘንግ እየዞረ ጎማዎቹን መታ መታ ያደርጋል። ደብሪቱ ገና ሙሽራ ሳለች በር ላይ ቆማ ታየው ነበር።

«ምን ይልሃል?» አለችው አንድ ጠዋት።

«ጎማው?»

«አዎ። ስትመታው ታዳምጠዋለህ።»

«ደህና ነኝ ይለኛል። የታመመ ሲሆን ድምፁ ይደፈናል።»

ከብዙ ዓመት በኋላ መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሄዶ ሐኪሙ ክንዱን አስሮ ለካው። መልሶ ለካው። ደም ግፊት ነው ተባለ። ጨው ቀንስ፣ በእግርህ ሂድ፣ ክኒኑን በየቀኑ ዋጥ፣ በየጊዜው እየመጣህ ተለካ። አካሉ ክኒኑን የተወሰነ ጊዜ ዋጠና ተወው።

«ምነው ተውከው?» አለችው ደብሪቱ።

«ድኛለሁ። ምንም አያመኝም።»

«የመኪናህን ዘይት የምታየው ከቆመ በኋላ ነው?»

በማግስቱ ከቤቱ ጨው ጠፋ። መጀመሪያ ደብቃው መስሎት ፈለገ። ከአልጋው ሥር፣ ከእህሉ ጆንያ ውስጥ፣ ከቁም ሳጥኑ ላይ። የለም። ለጎረቤት ሰጥታዋለች።

ከዚያ ወዲያ ምሳ በቀረበ ቁጥር አካሉ አንድ ጉርሻ ይጎርስና «አልጫ ነው» ይላል። ደብሪቱ አትመልስለትም። በጣቷ የሳህኑን ጠርዝ መታ መታ ታደርጋለች። ብላ ማለቷ ነው። ጎማ ሲመታ አይታ እንደያዘችው ያውቃል። ይበላል። በማግስቱም «አልጫ ነው» ይላል። ጠዋት ጠዋትም ከአልጋው ትቀሰቅሰውና በባሕር ዛፉ መሀል ዳገቱን ይወጣሉ። እሱ ያጉረመርማል፤ እሷ ትቀድማለች።

* * *

ድንኳኑ የተተከለው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ነው። የዕድሩ አግዳሚ ወንበሮች እንዳይንሸራተቱ በአንድ ወገን ድንጋይ ገብቶላቸዋል። ወደ ማታ የአካሉ የጥንት የሥራ ባልደረባ ጎበና መጣና አጠገቡ ተቀመጠ። ጎበና ወፍራም ነው፤ ለቅሶም ላይ አፉ አያርፍም።

«እንግዲህ ብላ አካሉ። ማን ይከለክልሃል?» አለ። «እሷ ጨው ትታ፣ ስብ ትታ፣ በየማለዳው እንጦጦን ወጥታ ወርዳ ምን አተረፈች? እኔን እየኝ። ጥሬ ሥጋዬን በአዋዜ እየበላሁ ይኸው አለሁ።»

«አንተማ ቀባሪ አጥተህ ነው» አለ ከወዲያ አንድ ሰው። «ማን ይሸከምሃል ብለህ?»

ሰዎች ጉሮሯቸውን ጠርገው ሳቁ። አካሉ አልሳቀም። ጎበና ያለው ነገር ግን ልቡ ገባ። እውነት ምን አተረፈች? እራት ሲመጣ ሳይለመን በላ። ጨው ሲቀርብለትም ጨመረ።

ሰገነት ከድንኳኑ አፍ ሆና አየችው። ፊቷን አዙራ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

* * *

በሣልስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዳገቱ እኩሌታ ላይ የአካሉ ጭንቅላት ይመታ ጀመር። ጆሮው ውስጥ እንደ ሞተር የሚጮህ ነገር ገባ። የአንድ ሱቅ ግድግዳ ይዞ ቆመ። አሳየች ሌሎቹን አሳልፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችውና ጎኑ ተቀመጠች።

«ጨዉ ነው?» አለችው።

አካሉ ግንባሩን በመዳፉ ጫነ።

«በላህ አሉኝ። ሴቶቹ ያያሉ።»

«ደክሞኛል እትዬ። እሷ እንኳ ለራሷ አልሆነላት። ጨው መተው ለእሷ ቀላል ነበር፤ አልጫ ይጥማታል።»

አሳየች ዞር ብላ አየችው።

«ማንን ነው የሚጥማት? ደብሪቱን?»

«ታዲያስ። አንድ ቀን አጉረምርማ አታውቅም።»

«አካሉ፣ ልጅ ሆና የላሞቹን አሞሌ ጨው ከበረት ሰርቃ ትልስ ነበር እኮ! አባታችን ስንቴ ገርፏታል። ገርፏት ዞር ሲል ተመልሳ ትገባለች። ጨው ካልነሰነሰችበት እንጀራ አትበላም ነበር።»

«አልነገረችኝም።»

«ለእኔ ነግራኛለች። የዛሬ ዓመት ቤቴ መጥታ ወጥ ባቀርብላት እምቢ አለች። ምነው፣ አንቺን አላመመሽ፣ ቅመሺ አልኳት። አንዴ ከቀመስኩ ለራሴ ሌላ ድስት ልጥድ ነው፤ ሁለት ድስት ካለ ደግሞ የእሱ እጅ ወደየትኛው እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ይቅርብኝ አለችኝ።»

አካሉ መሬት መሬቱን አየ። አንድ ሚኒባስ ዳገቱን እያቃሰተ አለፋቸው። አሳየች ክንዱን ይዛ አስነሳችው።

* * *

ከሰዓት በኋላ ሰው ሳሳ። ድንኳኑ ውስጥ ወሬው ስለ መኪናው ነበር።

«ሹፌሩ ልጅ ተይዟል» አለ አንዱ ጎረቤት። «ፍሬን ድንገት እምቢ አለኝ ነው የሚለው።»

ጎበና ከተደገፈበት ተነሳ። ፊቱ ቀላ።

«ድንገት ብሎ ነገር የለም! ፍሬን ሳይናገር አይሞትም። ጠዋት ቆሞ አንዴ ቢረግጠው ያውቀው ነበር። በእኛ ጊዜ ሳያይ የሚነሳ ሹፌር ነበር? ንገራቸው እስቲ አካሉ።»

«አልነበረም» አለ አካሉ።

«ይኸው! ጠዋት ጥቂት ደቂቃ ቢሰጠው ኖሮ ሴትዮዋ ዛሬ በሕይወት ነበረች።»

አካሉ ቀና አለ። ከቀብሩ ወዲህ ሰውን በደንብ ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

«ትናንት ምን አተረፈች ብለኸኝ ነበር፣ ጎበና።»

«እሱማ ለጨዋታ...»

«እሷ በየጠዋቱ አይታለች። ራሷንም አይታለች፣ እኔንም አይታለች። ያላየው ሹፌሩ ነው።»

ጎበና ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ።

* * *

ወደ አመሻሹ ድንኳኑ ተነቀለ። የዕድሩ ሰዎች ወንበሮቹን ተሸክመው ሲሄዱ ጠርዛቸውን የደገፉት ድንጋዮች ብቻ ዳገቱ ላይ ቀሩ። ሴቶቹ ማድ ቤቱን አጥበው፣ ያመጡትን ዕቃ ለይተው ተሰናበቱ። አሳየች ለመሄድ ነጠላዋን ስታጣፋ አካሉ ከማድ ቤት ወጣ። ለለቅሶው የተገዛውን ጨው የተረፈውን በላስቲክ ቋጥሮ ይዟል።

«ለላሞችሽ» አላት።

አሳየች ተቀበለችው። በእጇ መዘነችው፤ ከዚያም ከጡቷ ሥር ሸጎጠችው።

«እመለሳለሁ» አለች። «ዳገቱን ከማን ጋር እንደምትወጣ አያለሁ።»

ሰገነት ጓዟን አልሰበሰበችም። እያጠበች የነበረውን ብርጭቆ ይዛ ቆመች።

«አባዬ፣ እኔ ጋ እንሂድ። አያት ሜዳ ነው፣ ዳገት የለውም።»

«ዳገቱን ነው የምፈልገው። አሁን ሽሮ ሥሪልኝ። ጨው አታድርጊበት።»

«የለም እኮ፣ አሁን ሰጠሃት።»

«ጥሩ።»

ሽሮው እስኪንተከተክ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባ። ፌስታሉን ከሚስማሩ አወረደው። ቋጠሮው የራሷ ነው፤ አጥብቃ ነው የምታስረው። አልቆረጠውም። በጥፍሩ ቀስ ብሎ ፈታው። አንድ ክኒን አውጥቶ በውሃ ዋጠና ፌስታሉን መልሶ ቋጠረው። እንደሷ አልሆነለትም።

ሰገነት ገበታውን አቀረበች። ሁለቱ ብቻ ናቸው። ፊት ለፊት ያለው የደብሪቱ በርጩማ ባዶ ነው፤ ሰገነት አልተቀመጠችበትም። አካሉ አንድ ጉርሻ ጎረሰ። አላመጠ። ዋጠ።

«አልጫ ነው» አለ።

ከሰገነት መልስ አልጠበቀም። ወደ በርጩማው አየ። ከዚያም ጣቱን ዘርግቶ የሳህኑን ጠርዝ መታ መታ አደረገ፤ አዳመጠ፤ መብላቱን ቀጠለ።