ካሜራ ሁለት ያልወጣበት ቀን

እናታችን ከሞተች ሦስት ሳምንት ሆኗታል። እኔ እንደ ወትሮው ሥራ ላይ ነኝ። ሰው ሲያየኝ ጠንካራ ነው ይላል። ጠንካራስ አይደለሁም፤ ምንም አይሰማኝም፣ ነገሩ ይኸው ነው። ሲሰጡኝ እበላለሁ፣ ሲያዙኝ እሠራለሁ።

ሚያዝያ 23፣ የጊዮርጊስ ዕለት፣ ከምኒልክ አደባባይ ዳር በቆመች ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጫለሁ። በዓሉን በቀጥታ የምናስተላልፈው እኛ ነን፤ ሦስት ካሜራና ምስሎቹን የማፈራርቅበት አንድ ሚክሰር ይዘናል። ከፊቴ ሁለት ስክሪን አለ። የግራው ፕሪቪው ይባላል፤ ቀጥሎ የማወጣውን ምስል የማሰናዳበት ነው፣ ከእኔ በቀር ማንም አያየውም። የቀኙ ፕሮግራም ነው፤ እሱን አገር ያየዋል። «ከት» የሚለውን ቁልፍ ስጫን የግራው ምስል እልም ብሎ ቀኝ ላይ ይወጣል። አንዴ ከወጣ ወጣ ነው። ይህን ሁሉ ለእህቴ ለወይኒ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ተድራ መቐለ እስክትሄድ ድረስ ካሜራ ሁለትን የምትይዘው እሷ ነበረች።

ወይኒ የአደይን ሞት አታውቅም። እናታችንን አደይ ነው የምንላት። ወይኒ የሠላሳ አምስት ቀን አራስ ናት፤ ለአራስ መርዶ አይነገርም ብለው ሽማግሌዎቹ ወሰኑ። ከአምስት ቀን በኋላ ልጁ ክርስትና ይነሳል፤ በማግስቱ ንጋት ላይ ሰዎች ቤቷ ሄደው ይነግሯታል። ባሏ ፍትዊ ያውቃል፣ ግን አፉን ዘግቷል። እስከዚያ ድረስ አደይ ጠበል ገብታለች፣ ስልክ አይፈቀድም ብለናታል። ውሸቱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ።

ጠዋት ደወለችልኝ።

«ዛሬስ ከጠበል ትወጣለች አይደል? ለጊዮርጊስ ቀርታ አታውቅም።»

«ትመጣለች።»

«እንግዲያው በካሜራ ሁለት አሳየኝ። አምስት ሰከንድ ይበቃኛል። ድምጿ ከጠፋብኝ ወዲህ ወተቴም ቀንሷል፤ በሐሳብ ነው መሰለኝ።»

«እሺ» አልኳት። እሺ ማለት ቀላል ነው።

አደይ ሁልጊዜ የምትቀመጠው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ባለው የድንጋይ መደብ ላይ ነበር፣ ከጓደኛዋ ከእትዬ ወርቅአፈራሁ ጋር። ዘንድሮ ካሜራ ሁለትን የያዘው ሚናስ ወደዚያው ዞሮ ቆሟል። ፕሪቪው ላይ አየሁት። እትዬ ወርቅአፈራሁ እንደ ሐዘንተኛ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። አጠገባቸው ያለው ቦታ ላይ ማንም እንዳይቀመጥ ዣንጥላቸውን አጋድመውበታል። ይህን ወይኒ ካየች አለቀ።

ስለዚህ ካሜራ ሁለትን ከጠዋት ጀምሮ አላወጣሁትም። ካሜራ ላይ ያለችው ቀይ መብራት የምትበራው ምስሉ ፕሮግራም ላይ ሲወጣ ነው፤ የሚናስ እስከ ቀትር አልበራችም።

«ልዑል» ይለኛል በጆሮ ማዳመጫው፣ «እኔ ዛሬ ለጌጥ ነው የተተከልኩት?»

«ጠብቅ» እለዋለሁ።

የእኔ መላ ሌላ ነበር። የዓምናው ቀረጻ ኮምፒውተሩ ላይ አለ። አደይ እዚያው መደብ ላይ ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ከንፈሯ ለጸሎት ይንቀሳቀሳል። ታቦቱ ወጥቶ እልልታው ሲቀልጥ ፕሪቪው ላይ አሰናዳኋት። ከት አላደረግኩትም፤ ከት ዓይን ይመታል። ዲዞልቭ አደረግኩት፤ አንዱ ምስል እየሟሟ ሌላው የሚተካበት ነው። አደይ ከሕዝቡ መሐል ቀስ ብላ ወጣች። አምስት ሰከንድ ቆጠርኩና መለስኳት። እናቴን እንደዚያ ሳወጣና ሳስገባ ምንም አልተሰማኝም፤ በዚህ አፍሬያለሁ።

ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ወይኒ ናት።

«ምስሉ ወደ ግራ አዘንብሏል።»

ሌላ ገባ።

«የካሜራውን ማቆሚያ እግር አላጠበቅሽም ብለህ የተቆጣኸኝ ቀን ነው። ይህን የቀረጽኩት እኔ ነኝ፣ ልዑል።»

ያንን ሁሉ ሳሰላ፣ ዓምና ካሜራውን ማን ይዞት እንደነበር አላሰብኩም። ስለዚያች እግር ሰው ሁሉ እየሰማ ነበር የጮህኩባት።

ሦስተኛው መልእክት ዘገየ። ታቦቱ ግማሽ ዙር ዞሯል።

«አሁን ካሜራ ሁለት ምን ላይ ነው?»

አደይ ብዬ መጻፍ ጀመርኩና አጠፋሁት። ሽማግሌዎቹን አሰብኩ። ወተቷን አሰብኩ። ከዚያ «ፍትዊ አጠገብሽ አለ?» ብዬ ጻፍኩላት።

«አለ። ቀና ብሎ አያየኝም።»

ካሜራ ሁለትን ፕሪቪው ላይ አደረግኩት። መደቡ፣ ዣንጥላው፣ የእትዬ ወርቅአፈራሁ ነጠላ። አሁን ዲዞልቭ አላሰኘኝም። ከት።

የሚናስ ቀይ መብራት በራች።

«ልዑል፣ ተሳስተሃል» አለኝ ቶሎ ብሎ። «ታቦቱ በዚያ በኩል ነው፤ እኔ ጋ ባዶ ቦታ ነው እኮ ያለው።»

«አውቃለሁ። እንዳታንቀሳቅሰው።»

«እስከ መቼ ልያዘው?»

አምስት ሰከንድ ልለው ነበር። እጄን ከቁልፉ አንስቼ ባዶውን ቦታ ስክሪኑ ላይ ነካሁት፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ አንድ ነገር ሲሰማኝ የመጀመሪያው ነው።

«ወይኒ እስክትደውል» አልኩት።