ከጎምላላው ቀጥሎ

...እና ይቺ አንሶላ ደግሞ ለሁለት ሰው እንጂ ለአንድ ሰው አትታጠፍም፣ አንዱን ጫፍ በአገጬ ይዣለሁ፣ ሌላውን በእጄ፣ ባልደረባዬ ዛሬ የለችም፣ ብትኖር አንቺ ሴትዮ ልታጥፊው ነው ወይስ ልትበዪው ትለኝ ነበር፣ እኔም እስቅ ነበር፣ ሳቅሽ ከልብስ ማጠቢያው ተነስቶ ሦስተኛ ፎቅ ይሰማል ይሉኛል ነርሶቹ፣ ዛሬ ሦስተኛ ፎቅ ቅንጣቴ ተኝታለች፣ ደረቷን ከፍተው።

ዝም በይ። እጠፊ።

ጠዋት አልጋዋን እየገፉ ሲያስገቧት፣ አክስቴ አንሶላውን ያጠፍሽው አንቺ ነሽ? አለችኝ፣ አዎ አልኳት፣ እንግዲያ አልፈራም አለች፣ አስራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ እህቴ ካረፈች ጀምሮ የኔ ናት፣ አልፈራም አለች።

ልጸልይላት እላለሁ፣ ሁልጊዜ የምጀምረው ከእናቴ ነው፣ እናቴን ከነጉልበቷ፣ ጎረቤቴን ልብስ ሰፊዋን ከነዓይኗ፣ ከዚያ፣

ከዚያ እሱ ነው። ጎምላላው። ባሌ የነበረው።

አልጠራውም! ምዬአለሁ! የልጅቷ ልብ ቀዳዳ አለው በተባለ በሳምንቱ ወይ እኔ ወይ እሷ አለ፣ እሷ አልኩ፣ ሬዲዮኑን በብብቱ ሸጉጦ ወጣ፣ ይኸው ስድስት ዓመቱ፣ እኔ ሞኟ ግን ከጸሎቴ አላወጣሁትም፣ ዛሬ ጠዋት አባባ ያውቃል ወይ ብትለኝ፣ አባባ የምትለው እሱን ነው፣ ደወልኩለት፣ ተሳስተሻል እትዬ፣ ቁጥሩ ይሄ አይደለም አለኝ፣ በገዛ ድምፁ፣ እትዬ! አስራ አንድ ዓመት አንድ ጣራ ስር ኖሮ፣ ቆርቆሮ የሚሰነጥቀውን የኔን ድምፅ አላወቀውም!

ስለዚህ እዘለዋለሁ። እናቴን፣ ልብስ ሰፊዋን፣

ባዶ።

ቅንጣቴን በይ እንጂ፣ ስሟ አፌ ላይ ይገተራል፣ ቃል አይከተለውም፣ ከመሃል መጀመር አልችልበትም፣ ፊደሉንም እንዲሁ ነኝ፣ ሁለተኛ ክፍል ሳልጨርስ ወጣሁ፣ ከሀ ካልወረድኩ ነ የምትባለዋን አላገኛትም፣ ልጅቷ ደግሞ ቤቴ የገባችው እሱ ከገባ በኋላ ነዋ፣ በጸሎቴም ከስሙ ጎን ነው የያዝኳት።

ጌታዬ አንተስ? እየሰማህ ነው ዝም የምትለው፣ ወይስ አንተም ቁጥሩ አይደለም ልትለኝ ነው? ስድስት ዓመት ጮኼብሃለሁ፣ በድምፅማ ከሆነ ከኔ በላይ ማን አለህ፣ አንተስ ብትሆን መስቀል ላይ ለምን ተውኸኝ ብለህ የለ፣ ነገሩን ታውቀዋለህ፣ ማረኝ፣ የምናገረውን አላውቅም፣ ኧረ ታውቂያለሽ፣ ተቀይመሻል።

አንሶላው ከአገጬ ወደቀ። እንደገና ይታጠባል።

አይ፣ ይሁን። ይሁን አልኩ! ልጄ ከእሱ ወዲያ ናት፣ በእሱ ካላለፍኩ አልደርስባትም፣ ረግጬው ማለፍ ፈልጌ ነበር፣ አይረገጥም፣ መጠራት አለበት፣ ይቅር አላልኩትም እኮ፣ ስሙን ብቻ፣

እናቴን ከነጉልበቷ። ልብስ ሰፊዋን ከነዓይኗ። ጎምላላውን፣ ጎምላላውን ከነሬዲዮኑ፣ ከነውሸቱ፣ ጠብቀው፣ አሁን ይሄ እንባ ምን አመጣው፣ ጠብቀው ጌታዬ፣ እኔን ቢክደኝም አንተ ስትጠራው ያውቅሃል፣ እና ከእሱ ቀጥሎ፣ ከእሱ ቀጥሎ፣

ቅንጣቴን ከነልቧ።