ከጭራዋ የምትጀምር አህያ

ድመት ማስተማር ቀላል ነው። ለሆዷ ትልቅ ክብ፣ ከላዩ ለጭንቅላቷ ትንሽ ክብ፣ ሁለት ጆሮ፣ ጢም፤ በመጨረሻ ሱሪ ማልበስ። ልጆቹ ሱሪው ላይ ሲደርሱ ይስቃሉ። በ1970 ዓ.ም. ጉለሌ ውስጥ በአንድ ቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት ረቡዕ ረቡዕ የማስተምረው ይህንኑ ነበር። ቤቱ የተወረሰ ቪላ ነው፤ ወረቀታችን ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ የጣለው የማስታወቂያ ጀርባ። ፊቱ ላይ አብዮታዊ እርምጃ፣ ጀርባው ላይ ሱሪ የለበሰች ድመት። ያኔም አላሳቀኝም፣ ዛሬም አያስቀኝም።

ኅዳር ላይ ወንድሜን ጉታን ወሰዱት። የዊንጌት ተማሪ ነበር። ያሰሩት ከመዋዕለ ሕፃናቱ ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ ነው። እናቴ ጠዋት ወጥ ትሠራለች፤ እኔ ልጆቹ ለምሳ ሲለቀቁ ምሳ ዕቃውን ይዤ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ዘበኛው ይቀበለኝና የትናንቱን ባዶ ይመልስልኛል። እስረኛውን ማየት ክልክል ነው፣ መጠየቅም አይወደድም። ምግቡን ከተቀበሉ ሰውየው አለ ማለት ነው። "ከእንግዲህ አታምጪ" ካሉ የለም። ስለዚህ እናቴ ስመለስ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ተቀበሉሽ?"

አዎ ስላት የነገውን ሽንኩርት መላጥ ትጀምራለች።

ዘበኛው በድሉ ይባላል። ልጁ ቡርቱካን እኔ ዘንድ ትማራለች፤ ለእኔ ለየት ያለ ደግነት የሚያሳየኝ ለዚህ ይመስለኝ ነበር። ባዶውን ሲሰጠኝ ጠጋ ብሎ፣ "ደህና ነው፤ እማዬን ሰላም በይልኝ ብሏል" ይለኛል። ሰኔ መግቢያ ላይ ደግሞ፣ "ጉንፋን ይዞት ነበር፣ ተሽሎታል" አለኝ። እናቴ ያን ሳምንት በወጡ ላይ ነጭ ሽንኩርት አበዛችበት።

በዚያው ሰሞን አንድ ረቡዕ ሁሉም ድመታቸውን ሲጀምሩ፣ ቡርቱካን ወረቀቷን በክንዷ ከልላ ሌላ ነገር ትሥላለች። ሄጄ አየሁ። ጭራ ነው። ከጭራው ቀጥሎ ቂጥ፣ ሁለት የኋላ እግር፣ ከላይ የእንጨት ሸክም። እግሮቹ ቦት ጫማ ተጫምተዋል።

አህያን እንዲህ የሚጀምር አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። አባታችን ደቻሳ በሕይወት ሳለ ከእንጦጦ እንጨት በአህያ እያወረደ ሽሮ ሜዳ ይሸጥ ነበር። ጉታ ትንሽ ልጅ ሆኖ ሁልጊዜ ከኋላ ስለሚከተል፣ ለእሱ አህያ የምትጀምረው ከጭራዋ ነው። ቦት ጫማው የራሱ ፈጠራ ነው፤ የእንጦጦ ጭቃ ስለሚያሳዝነው። ጭንቅላቷ መጨረሻ ይመጣል፤ አንገቷን ወደ ኋላ አዙራ ነጂዋ ላይ ምላሷን ታወጣለች።

"ማን አሳየሽ?" አልኳት።

"ጋሼ ጉታ። አባዬ ሥራ ቦታ።"

ደስ አለኝ። ምን እዋሻለሁ፣ ልቤ ዘለለ። አለ ማለት ነው፤ እየሣለ፣ እየቀለደ ነው ማለት ነው። አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ።

"ታዲያ ጭንቅላቷስ?"

"ነገ አሳይሻለሁ ብሎኝ ነበር። በነጋታው ስሄድ የለም።"

"የት ሄደ?"

"ሌሊት በመኪና ወሰዷቸው። ቤቱን በውሃ ሲያጥቡት ነበር። አባዬን ብጠይቀው፣ አይመጣም፣ ለማንም እንዳትናገሪ አለኝ።" ይህን ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

"እኔ ለማንም አልናገርም። መቼ ነበር፣ ቡርቱካኔ?"

"እማዬ ሚጣን ልትወልድ ጳውሎስ ሆስፒታል ተኝታ። እቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ ነው አባዬ ይዞኝ የሚሄደው።"

ሚጣን አውቃታለሁ። በዚያው ቀን ጠዋት በእናቷ ጀርባ ሆና ስቃልኛለች፤ ሁለት ጥርስ አብቅላለች።

በዚያ ዓመት ሌሊት በመኪና የተወሰደ ሰው ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ ሕፃን ብቻ ነበር። እንግዲህ ያ ሁሉ ምስር፣ ያ ሁሉ ሽሮ፣ ያ ሁሉ ሰላምታ ጉታ ከሄደ በኋላ ነው። ይህን አሰብኩና ምንም አልተሰማኝም። እንባም አልመጣም።

"እትዬ ውባለም፣ ጭንቅላቷን አንቺ ትችያለሽ?"

እጇን ከነእርሳሱ ያዝኩ። አንገቱን ከሸክሙ ሥር አውጥተን ወደ ኋላ አዞርነው፤ ጆሮ፣ ዓይን፣ ምላስ። ቡርቱካን በሳቅ ፈነዳች። ሌሎቹ ድመታቸውን ጥለው መጡና "እኛም አህያ! እኛም አህያ!" አሉ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ ከጭራዋ ጀምሬ ለሁሉም አስተማርኩ። አንዱ ከጭንቅላቷ ሲጀምር አስጠፋሁት።

በምሳ ሰዓት ምሳ ዕቃውን ይዤ ሄድኩ። በድሉ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ባዶውን አነሳ።

"ደህና ነው፤ ሰላም ብሏል" አለኝ።

ባዶውን ተቀበልኩት። ሙሉውን ግን አልሰጠሁትም። ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ግን አንዷ ቃል ካመለጠችኝ የምትገረፈው ቡርቱካን ናት።

"ምነው?" አለ እጁን እንደዘረጋ።

"ከእንግዲህ አላመጣም።"

እጁን ሰብስቦ ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ ከዚያ ዞሮ ወደ ግቢው ገባ።

እናቴ በራፉ ላይ ቆማ ነበር። ምሳ ዕቃውን ስትቀበለኝ ከክብደቱ አወቀች።

"አልተቀበሉሽም?"

"እኔ ነኝ ያልሰጠኋቸው፣ እማዬ።"

አየችኝ። ማልቀስ ክልክል ነው፤ ለእንዲህ ያለ ሟች የሚያለቅስ ቤት ይፈተሻል፣ የጎረቤታችን ግድግዳ ደግሞ ጭቃ ነው። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትንሽ ቆየች። ከዚያ አወጣችው፣ እጇን ታጠበች፣ የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፈተች።

"ነይ ብዪ ውቤ" አለችኝ።

በላን። ገና አልበረደም ነበር። አንዲት ቁራሽ ሳናስተርፍ ጨረስነው። ሁለቱንም ምሳ ዕቃ አጠበች፣ አደራረቀች፣ መደርደሪያው ላይ አኖረችና ጀርባዋን እንደሰጠችኝ ቆመች።

"ነገ ጠዋት ስነሳ ምን እሠራለሁ?" አለች።