የአብስራ ቆለፈችው የተባለው ፕሮግራም

የአብስራ ከመምጣቷ በፊት በሲቀላ ሰፈር የወጣቶች ማዕከል የዋናውን ኮምፒውተር ፓስወርድ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አስተማሪው ጋሽ ዕዝራና ኑሃሚን። የየአብስራ አባት ከጎንደር በሥራ ተዛውረው መጡ፤ ልጅቷ ማዕከሉን በረገጠች በወሯ ጋሽ ዕዝራ ፓስወርዱን ቀይረው ለእሷ ሰጧት። ያን ቀን ኑሃሚንን የኩልፎ ወንዝ ዳር ጣፋጭ ሙዝ እንኳ መረራት።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከደጋው ከጨንቻ የሚወርዱት ተማሪዎች በጋሞኛ መጻፍ የሚለማመዱበት ፕሮግራም ፈለጉ። ተዘጋጅቶ የሚገኝ ስላልሆነ የአብስራ የፕሮግራሙን ኮድ ከኢንተርኔት አወረደችና እዚያው ዋናው ኮምፒውተር ላይ ራሷ ወደሚሠራ ፕሮግራም ቀይራ ጫነችው። ጣቶቿ ሲሮጡ ኑሃሚን ከኋላዋ ቆማ አንድ ነገር ብቻ ትጸልይ ነበር፤ እንዲበላሽ። ከተበላሸ ፓስወርዱ ወደ እሷ ይመለሳላ።

ጸሎቷ ደረሰ። የአብስራ በራሷ ስም ስትገባ ፕሮግራሙ ቁልጭ ብሎ ይከፈታል፤ ተማሪዎቹ በየስማቸው ሲገቡ ግን «ፈቃድ የለዎትም» ይላል። ጋሽ ዕዝራም ቢሞክሩ ያው ነው። ግንባራቸውን ቋጥረው ለምን እንደቆለፈችው ጠየቋት። እሷም ምንም አልቆለፍኩም አለች፤ ጆሮዋ ግን ቀላ። ኑሃሚን ወንበሯን ወደ ዋናው ኮምፒውተር ጠጋ አደረገች። ትንሽ ዝም ብትል በቃ፣ ፓስወርዱ የእሷ ነበር።

ግን ከጨንቻዎቹ አንዷ፣ ሐሴት የምትባለው፣ ለጓደኛዋ አንሾካሾከች። «ጋሽ ዕዝራ ላይ ሳይቀር ቆለፈችባቸው እኮ። ይቺ ልጅ ጭንቅላት አላት።»

ይህንስ ኑሃሚን አልቻለችውም።

«የምን ጭንቅላት፤ ረስታው ነው እንጂ» አለች። «እሷ የምትፈጥረው ፋይልም ፎልደርም ገና ሲፈጠር ለሌላ ሰው ዝግ እንዲሆን ኮምፒውተሩን አዛዋለች። ስትጭንም ያው ትእዛዝ ተከትሏት ገባ። ፋይሎቹ እንዲነበቡ፣ ፎልደሮቹም ሰው እንዲያስገቡ መክፈት ነው፤ አለቀ።»

ጋሽ ዕዝራ ወደ እሷ ዞሩ። «አንቺ ይህን በምን አወቅሽ?»

የመለሰችው የአብስራ ናት፣ ቀስ ብላ። «ባለፈው ወር ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀመጥኳቸውን ደብዳቤዎቼን ስታነብ ደረስኩባት። የዘጋሁት ከዚያ ወዲህ ነው፤ ተመልሳ ሞክራ ተዘግቶባት ይሆናል።»

ጋሽ ዕዝራ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። የአብስራን ይቅርታ ጠየቁ። ኑሃሚንን ደግሞ የአብስራ አጠገብ ተቀምጣ የሚጻፈውን የመክፈቻ ትእዛዝ እንድትነግራት አዘዙ። ፓስወርዱ እዚያው የአብስራ ዘንድ ቀረ።

«ወደዚያ ዙሪ» አለቻት የአብስራ፣ ፓስወርዱን በአንድ እጇ ሸፍና ልትጽፍ ስትል።

ኑሃሚን ጨዋ መስላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጆሮዋን ግን ማን ያዞረዋል። የኮምፒውተሩ ቁልፍ ዘጠኝ ጊዜ ቀጭ አለ። የመጨረሻው የማስገቢያው፣ የኢንተር ቁልፍ ነው፤ እሱ አይቆጠርም።

ስምንት ፊደል።