ጭልፊት ያልገደለ ሙሽራ

ወንድሜ ናታሌ ጭልፊት ልጣል ብሎ የኤጂዲዮን ዓይን አጠፋ። ጠመንጃውን ወዴት እንደሚያዞር የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ሳላውቅ።

ኤጂዲዮ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ነው። በየጸደዩ ከአፍሪካ ተነስተው፣ ከሲሲሊ ወዲህ ያለውን ጠባብ ባሕር ተሻግረው በእኛ ተራራ ላይ የሚያልፉትን ጭልፊቶች አብረን እንቆጥራለን። እሱ የተራራውን አቅጣጫ ይይዛል፣ እኔ የባሕሩን። ወፏን ቀድሞ ያየ አቅጣጫዋን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ሁለታችንም እንዳንቆጥራት። ሥራው ይኸው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ማንጋጠጥና መጮህ።

ከምንቆምበት የተራራ ጫፍ ዝቅ ብሎ የመንደሩ ወንዶች በድንጋይ ካብ ውስጥ፣ በአንድ ተኩስ ብዙ ጥቃቅን ጥይት የሚበትን ጠመንጃ ይዘው ያደፍጣሉ። ሕግ ከከለከለ ቆይቷል፤ ማን ሰምቶ! በጸደይ አንድ ጭልፊት ያልጣለ ወንድ ሚስቱ ትማግጥበታለች ይላሉ። ወሬ ብቻ ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር። አምና ባዶ እጁን የወረደውን ዳቦ ጋጋሪ በሩ ላይ ሚስቱ የማገጠችበት ወንድ ምልክት የሆነውን የበሬ ቀንድ ሰቀሉበት፤ እሱም ገብቶ የሚስቱን መንጋጋ ሰበረ።

የናታሌ ሠርግ በዚያው ሳምንት እሑድ ነበር። ኤጂዲዮ እስከተመታበት ጠዋት ድረስ ምንም አልጣለም።

"ሙሽራው!" አለው አጎታችን ሳንቶ ከካቡ ውስጥ፣ እኔና ኤጂዲዮ ስናልፍ። "ካቃተህ ንገረን እንጂ፤ ወፏንም ሙሽራዋንም እናግዝሃለን!"

ናታሌ በጠመንጃው ሰደፍ ጉልበቱን መታው። አጎቴ እግሩን ይዞ እየጮኸ ሌሎቹ በሳቅ ፈረሱ።

"አንቺ ደግሞ ምን ትገተሪያለሽ?" አለኝ ናታሌ። "ውጪና ቁጠሪ!"

"አንተማ በሬ ቆሞ ቢጠብቅህም አትመታውም" አልኩት።

ረፋዱ ላይ ከተራራው ወደ ባሕር የሚወርደው ነፋስ በረታ። እንዲህ ሲሆን ወፎቹ ከፍ ማለት ያቅታቸዋል፤ መሬቱን ታክከው ይመጣሉ። ከታች ተኩሱ ቀለጠ። አንዷ ክንፏ ተሰብሮ አጠገባችን ወደቀች። ኤጂዲዮ ሊያነሳት ሲል ጥፍሯን መዳፉ ላይ ሰካችበት። እየተሳደበ ሲያላቅቃት ሌላ ጭልፊት አየሁ።

"ከባሕሩ በኩል! ዝቅ ብሎ! አናታችን ላይ!"

ሳልጨርስ ከታች ጠመንጃ ጮኸ። ኤጂዲዮ ፊቱን ይዞ ተንበረከከ። ደሙ በጣቶቹ መሃል ይወርድ ነበር።

ናታሌ እየሮጠ ወጣ። ወደ እኛ አይደለም፤ ቁጥቋጦው ውስጥ ወደወደቀው ወፍ። አንገቱን ጠመዘዘና ወደ ታች እያሳየ "ጣልኩት!" ብሎ ጮኸ። ከታች በጭብጨባ መለሱለት። ከዚያ ዞር ሲል እኛን አየ።

"አንቺ ነሽ እኮ አናታችን ላይ ያልሽው" አለ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። "አንቺ ስትጮሂ ነው ሁላችንም የምናዞረው።"

ጸደዩን ሙሉ የእኛን ድምፅ እየሰሙ ነበር የሚገድሉት።

ሆስፒታል ሐኪሞቹ የኤጂዲዮን ዓይን አወጡት። ማታ ቤት ስገባ ወፉ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፤ አባቴ፣ አጎቴና ናታሌ ወይን ይጠጣሉ። የናታሌ ጠመንጃ ጥግ ላይ ቆሟል።

"ፖሊስ ነገ ይመጣል" አለ አባቴ። "ድንጋይ ላይ ወድቆ ነው ትያለሽ።"

"ዓይኑ ውስጥ የጥይት ፍሬ አግኝተዋል፣ አባዬ።"

"እንግዲያው ማን እንደተኮሰ አላየሁም በያ! ይሄ እንኳ ያቅትሻል?"

"ሠርጌ እሑድ እኮ ነው" አለ ናታሌ። "ልታሳስሪኝ ነው?"

"ኤጂዲዮ ሲጮህ ወፉን ነው ያነሳኸው።"

"ካላነሳሁት መጣሌን ማን ያምነኛል?" አለ። የምሩን ነበር።

ጠመንጃውን አነሳሁ። አባቴ በጥፊ ሲለኝ ከንፈሬ ተሰነጠቀ። አጎቴ እያነከሰ መጥቶ አፈሙዙን ያዘ፤ ያንኑ ያበጠ ጉልበቱን በእርግጫ ስለው ለቀቀ። ናታሌ ከወንበሩ አልተነሳም፤ እጁን ወፉ ላይ ጭኖ ያየኝ ነበር።

"ከዚህ በር ከወጣሽ" አለ አባቴ፣ "ልጄ አይደለሽም።"

"ፖሊስ ነገ እስኪመጣ አልጠብቅም፤ ጠመንጃውን ራሴ ጣቢያ አደርሰዋለሁ" አልኩት። ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።